«ድነሃል ወይ?» ስባል «እሱ ያውቃል» ነው የምለው። ልክ ነኝ?

ግራ የገባው

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ያደግኩት ኦርቶዶክስ ቤት ነው። የንስሐ አባት አለኝ። ችግሬ ቤቲንግ ነው፣ የእግር ኳስ ውርርድ። በራሴ ደመወዝ እያለሁ እዳው የራሴ ነበር። አሁን ግን እህቴ ለእናታችን ቤት ማደሻ ብላ ከአረብ አገር የላከችው ብር በእጄ አለቀ። እሷ አታውቅም። እናቴም አታውቅም። ጣሪያው ዘንድሮም ያፈሳል።

ንስሐ ገባሁ። አባ ጾምና ስግደት ሰጡኝ። ጨረስኩ፣ ቀለለኝ። ሊጉ ሲጀመር ተመለስኩበት። እንደገና ንስሐ፣ እንደገና ቤቲንግ። አሁን አባ ፊት ለመቅረብ አፍሬአለሁ። በሰፈር ሲያልፉ ካየኋቸው መንገድ እቀይራለሁ።

መሥሪያ ቤት ደግሞ አንድ ጴንጤ ጓደኛ አለኝ። ደግ ልጅ ነው፣ አይጨቀጭቅም። አንድ ቀን ምሳ ላይ «ዛሬ ማታ ብትሞት የት እንደምትሄድ ታውቃለህ?» አለኝ። «እሱ ያውቃል» አልኩት። «እኔ ግን አውቃለሁ፣ ድኛለሁ» አለኝ። ደነገጥኩ። እኛ ቤት እንዲህ አይባልም። ቅድስት የምንላት አያቴ እንኳ «ማረኝ» እያለች ነው የሞተችው።

ጥያቄዬ ይኸው። ሰው ይቅር መባሉን በምን ያውቃል? ያንኑ ኃጢአት ደጋግሞ የሚሠራ ሰው የመጀመሪያው ንስሐው ራሱ ውሸት ነበር ማለት ነው? «ድኛለሁ» ማለትስ እምነት ነው ወይስ ድፍረት?

የሐዋሳው

ወንድሜ፣ ጴንጤ ነኝና ከዚያ ወገን ልጀምር።

ጓደኛህ የተናገረው ከኪሱ አይደለም። 1ኛ ዮሐንስ 5፥13ን አንብብ። ሐዋርያው የጻፈው የዘላለም ሕይወት እንዳላቸው «ያውቁ ዘንድ» ነው። ዮሐንስ 5፥24 ላይም የሚያምን ሰው ከሞት ወደ ሕይወት ተሻግሯል ይላል። ይሻገር ይሆናል አላለም። እኛ «ድኛለሁ» ስንል «ጎበዝ ነኝ» ማለታችን አይደለም። የከፈለው ሌላ ነው፣ እኔ የምመካው በከፈለው ነው። በራሴ ቢሆን ኖሮ እኔም «እሱ ያውቃል» ነበር የምለው፣ ያውም እየተንቀጠቀጥኩ።

መደጋገሙን በተመለከተ ደግሞ፣ ጴጥሮስ «እስከ ሰባት ጊዜ ነውን?» ብሎ ሲጠይቅ የተመለሰለት እስከ ሰባ ጊዜ ሰባት ነው። ሰውን እንዲህ ይቅር በል ያለ አምላክ እሱ ራሱ ቆጥሮ ይዘጋብሃል?

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልናገር። ከእኛ መካከል «ያለፈውም የሚመጣውም ተሰርዟል፣ ስለዚህ ንስሐ አያስፈልግም» የሚሉ ተነሥተዋል። እኔ እዚያ የለሁበትም። 1ኛ ዮሐንስ 1፥9 የተጻፈው ለአማኞች ነው። «በኃጢአታችን ብንናዘዝ ኃጢአታችንን ይቅር ሊለን ከዓመፃም ሁሉ ሊያነጻን የታመነና ጻድቅ ነው።» አማኝ የማይናዘዝ ቢሆን ይህ ጥቅስ ለማን ተጻፈ?

ወልደ ሥላሴ

እኔ ሰንበት ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። እንደ መምህር ሳይሆን እንደ ወንድም ስማኝ።

አያትህ «ማረኝ» ብላ መሞቷ ተስፋ ስላልነበራት አይደለም። በሉቃስ 18 ቀራጩ «አምላክ ሆይ፥ እኔን ኃጢአተኛውን ማረኝ» አለና ጸድቆ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ስለ ራሱ በልበ ሙሉነት የተናገረው ፈሪሳዊው ነበር። ቅዳሴያችን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ «መሐረነ» (ማረን) ነው። ያ የሥጋት ልመና አይደለም። ልጅ እናቱን ውኃ ሲለምን እንደማትከለክለው አውቆ ነው።

በእኛ ትምህርት ድኅነት አንድ ቀን ተፈጽሞ የሚዘጋ ጉዳይ አይደለም። በክርስቶስ ሞት ድነናል፣ በጥምቀት ተወልደናል። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን የምንጠመቀው ለዚህ ነው። በንስሐና በቅዱስ ቁርባን እየዳንን ነው። በመጨረሻው ቀን እንድናለን። ጳውሎስ ራሱ «በፍርሃትና በመንቀጥቀጥ» መዳናችሁን ፈጽሙ ብሏል። «እንደ ቆመ የሚመስለው እንዳይወድቅ ይጠንቀቅ» ያለውም እሱ ነው።

ግን ዋስትና የለንም ብለህ እንዳታስብ። የእኛ ዋስትና በጆሮ የሚሰማ ነው። ካህኑ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ሲል የሰማኸውን አስብ። ዮሐንስ 20፥23 ላይ «ኃጢአታቸውን ይቅር ያላችኋቸው ሁሉ ይቀርላቸዋል» ተብሎ ለሐዋርያት የተሰጠው ሥልጣን ነው። ይቅር መባልህን ከስሜትህ አትፈልገው። ስሜት በጠዋት አንድ ነው፣ በማታ ሌላ።

ለተደጋገመው ውድቀት ደግሞ ሙሴ ጸሊምን ላስታውስህ። በእኛ ስንክሳር ሰኔ 24 የሚታሰበው ነው። ሽፍታ ነበር፣ ነፍሰ ገዳይ ነበር። ግብፅ አስቄጥስ ገዳም ገብቶ ከመነነ በኋላም የድሮው ፍትወት አልተወውም። በዓቱ ውስጥ መቀመጥ አቅቶት አባ ኤስድሮስ ዘንድ ሮጠ። አባ ኤስድሮስ ሰገነት ላይ አወጡትና ወደ ምዕራብ ተመልከት አሉት። አጋንንት ሲተራመሱ አየ። ወደ ምሥራቅ ተመልከት አሉት። ከእነዚያ የሚበዙ መላእክትን አየ። ከዚያ ወደ በዓቱ ተመለሰ። ልብ በል፣ «መነኩሴ ሆነህ እንዴት እንዲህ ታስባለህ፣ መጀመሪያም ምንኩስናህ ውሸት ነበር» አላሉትም።

ስለዚህ አባ ጋ ተመለስ። መንገድ አትቀይር። ተስፋ መቁረጥ ከቤቲንጉ የከፋ ኃጢአት ነው። ጴጥሮስም ይሁዳም በአንድ ሌሊት ወደቁ፣ የለያቸው ማን ተመለሰ የሚለው ነው።

ክርክር ወዳጅ

ወልደ ሥላሴ፣ ጥሩ ጻፍክ። ታዲያ በላኤ ሰብስ? በተአምረ ማርያም 78 ሰው በልቶ በጥርኝ ውኃ የዳነው? እሱን ብትነግረው ይሻለው ነበር፣ ቤቲንግ ምን አላት።

ወልደ ሥላሴ

እያሾፍክ ከሆነ አልመልስም። ከልብህ ከሆነ ግን፣ የካቲት 16 ሲነበብ ቁም ነገሩ ውኃው መዳኛ ዋጋ ነው የሚል አይደለም። ሁሉ ተስፋ የቆረጠበት ሰው ውስጥ እንኳ ምሕረት የምትይዘው አንዲት ጫፍ አገኘች ነው። በሰባኪ አፍ «ምንም ብትሠራ ግድ የለም» ተብሎ ከተሰበከ ጥፋቱ የሰባኪው ነው። ይህ ደግሞ በጴንጤዎችም ሰፈር ያለ በሽታ ነው፣ የሐዋሳው ራሱ ከላይ ተናግሯል።

አወያይ

ስለ ተአምረ ማርያም ሌላ ክር አለ። እዚህ የሰው ጭንቀት ነው ያለው፣ ወደ ጥያቄው እንመለስ። አንድ መልእክት አንሥቻለሁ።

ታሪክ ቀመስ

«የወደቀ ይመለሳል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ቤተ ክርስቲያንን አንድ ጊዜ ሁለት ከፍሏታል። አጠር አድርጌ (አልችልም ግን) ላውራው።

በ250 (ዘመኖቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) የሮም ንጉሥ ዳክዮስ ሕዝቡ ሁሉ ለአማልክት ይሠዋ ብሎ አዘዘ። የሠዋ ሰው የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። ከእነዚያ ወረቀቶች አንዳንዶቹ ግብፅ ውስጥ በፓፒረስ ተጽፈው ተገኝተዋል። ብዙ ክርስቲያን ሠዋ። አንዳንዱ ሳይሠዋ ጉቦ ሰጥቶ ወረቀቱን ገዛ። ስደቱ ሲበርድ ሁሉም ተመልሶ በር ላይ ቆመ። አሁን ምን ይደረግ?

ሮም ላይ ኖቫጢያን የሚባል ካህን አይሆንም አለ። የካደን ሰው ቤተ ክርስቲያን ልትፈታው አትችልም፣ ለእግዚአብሔር ፍርድ ተዉት አለ። በ251 የራሱን ወገን ይዞ ተለየ። ሰሜን አፍሪካ፣ ካርታጎ ላይ ጳጳሱ ቆጵርያኖስ መካከለኛ መንገድ ያዘ። ይመለሱ፣ ግን እንደ ጥፋታቸው መጠን በንስሐ ይቆዩ። ወረቀት የገዛና ሄዶ የሠዋ እኩል አይደለም። የገረመኝ ሌላ ነገር አለ። በእምነታቸው ታስረው የተሠቃዩ ክርስቲያኖች ለወደቁት የይቅርታ ደብዳቤ ይጽፉላቸው ነበር። ቆጵርያኖስ በዚያም ተቸግሮ ነበር፣ ደብዳቤው በገፍ መታደል ሲጀምር።

የኖቫጢያን ወገኖች ራሳቸውን «ንጹሐን» ይሉ ነበር። በ325 ኒቅያ ላይ የተሰበሰቡት አባቶች (ሠለስቱ ምዕት) ስለነሱ ቀኖና አወጡ፣ ቀኖና 8። መመለስ ከፈለጉ ይመለሱ፣ ነገር ግን በስደት ጊዜ ከወደቁትና ሁለተኛ ካገቡት ጋር አብረን እንቆርባለን ብለው በጽሑፍ ያረጋግጡ። ማለትም ንጹሑ ነው ፈርሞ የሚገባው። ይህን ሳነብ ሁሌ ፈገግ እላለሁ።

ስለዚህ ጠያቂው ሆይ፣ ለወደቀ በር ይዘጋ ያለው ወገን ያኔውኑ ተሸንፏል። ኦርቶዶክሱም ካቶሊኩም ፕሮቴስታንቱም የአሸናፊው ወገን ልጆች ናቸው።

የነቀምቴ ልጅ

መካነ ኢየሱስ ነኝ፣ ሉተራዊ ማለት ነው። ሁለቱ ወገን የተለያየ የመሰላቸው ነገር በእኛ ዘንድ አንድ ላይ አለ።

ሉተር መነኩሴ ሳለ ለሰዓታት ይናዘዝ ነበር። ወጥቶ አንድ የረሳው ትዝ ሲለው ተመልሶ ይገባል። የንስሐ አባቱ ሽታውፒትዝ ተሰላችተውበት ነበር። ችግሩ መናዘዙ አልነበረም። ሁሉን ካልቆጠርኩ ይቅርታው አይሞላም ብሎ ማሰቡ ነበር። ሽታውፒትዝ የመከሩት ወደ ራስህ ሳይሆን ወደ ክርስቶስ ቁስል ተመልከት ብለው ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሉተራውያን ኑዛዜን አልጣሉም። በ1530 የወጣው የአውግስበርግ የእምነት መግለጫ አንቀጽ 11 የግል ኑዛዜና ፍትሐት (ለተናዘዘው «ይፍታህ» ማለት) ይቀጥል፣ ግን ኃጢአትን አንድ በአንድ መቁጠር ግዴታ አይሁን ይላል። ምክንያቱ ወልደ ሥላሴ ያለው ነው። ይቅርታው ከውጭ መጥቶ በጆሮ መሰማት አለበት። ብቻህን ክፍል ውስጥ «ይቅር ተብያለሁ» ብትል ልብህ ይከራከርሃል። ሌላ ሰው በእግዚአብሔር ስም ሲነግርህ ግን መከራከሪያ ያጣል።

በነገራችን ላይ በ1534 አባ ሚካኤል የሚባሉ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ዊተንበርግ ድረስ ሄደው ከሉተርና ከባልደረባው ከሜላንክቶን ጋር ተነጋግረዋል። በእምነት ተግባብተው የድጋፍ ደብዳቤ ይዘው ነው የተመለሱት። የእኛ ሰዎች ይህን እያወቁ ቢጣሉ ደስ ይለኝ ነበር።

ክርክር ወዳጅ

እሺ፣ አሁን ከልቤ ነው። የሐዋሳው፣ አንዴ የዳነ ለዘላለም ድኗል ትላለህ?

የሐዋሳው

እኔ አልልም። እኔ ያደግኩበት ቤተ ክርስቲያን ሰው ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል ተብሎ ነው የሚሰበከው። ከእኛው መካከል የካልቪንን መንገድ የሚከተሉ ወጣቶች አሁን በዝተዋል፣ እነሱ አይሆንም ይላሉ። ዮሐንስ 10፥28ን ይዘው፣ ከእጁ ማንም አይነጥቃቸውም። እኔ ደግሞ ማንም አይነጥቀውም፣ ራሱ ግን ዘሎ ሊወርድ ይችላል እላለሁ። ቤታችን ውስጥ ያላለቀ ሙግት ነው።

ታሪክ ቀመስ

ሙግቱ 400 ዓመት አልፎታል። በ1610 ሆላንድ ውስጥ ከካልቪን መንገድ የተለየው የአርሚኒየስ ተማሪዎች አምስት ነጥብ አቀረቡ። አምስተኛው ላይ ግን እነሱ ራሳቸው አልቆረጡም ነበር። ያመነ ሰው ሊጠፋ ይችል እንደሆነ ከመጽሐፍ ገና ይመርመር አሉ። በ1618 እና 1619 የዶርት ሲኖዶስ አይጠፋም ብሎ ወሰነባቸው።

ካቶሊኮች በትሬንት ጉባኤ በ1547 ሌላ መስመር ይዘዋል። የእግዚአብሔርን ምሕረት መጠራጠር አይገባም፣ ነገር ግን ልዩ መገለጥ ካልተሰጠው በቀር እስከ መጨረሻ እጸናለሁ ብሎ በፍጹም እርግጠኝነት የሚናገር ስህተት ነው አሉ። ይህ ከጠያቂው አያት ብዙም አይርቅም።

የካልቪን ወገኖችም ቢሆኑ ሰው እንደሚያስበው አይደሉም። የዌስትሚንስተር የእምነት መግለጫ ምዕራፍ 18 እውነተኛ አማኝ እርግጠኝነቱን ሳያገኝ ረጅም ጊዜ ሊቆይ ይችላል፣ ካገኘውም በኋላ በኃጢአት ሊናወጥበት ይችላል ይላል። ማለትም መዳን ሌላ፣ መዳንህን ማወቅ ሌላ ነው።

ጆን ዌስሊንም ውሰዱ። ግንቦት 24 ቀን 1738 (በፈረንጅ) ለንደን ውስጥ አልደርስጌት በተባለ መንገድ በአንድ ስብሰባ ላይ ልቡ እንደሞቀና ኃጢአቱ እንደተወገደ እንዳወቀ ጻፈ። ይህን ሰባኪ ሁሉ ይጠቅሰዋል። በጥር 1739 ደግሞ በዚያው ማስታወሻው «አሁን ክርስቲያን አይደለሁም» ብሎ መጻፉን ማንም አይጠቅስም። ሜቶዲስቶችን የመሠረተው ሰው! ከዚያም በኋላ ከ50 ዓመት በላይ ሰበከ።

የሪያዷ

ቤት ሠራተኛ ነኝ፣ ሪያድ። ሁሉን አነበብኩት። ደስ የሚል ትምህርት ነው፣ እዚህ ቤተ ክርስቲያን ስለሌለ እንዲህ ያለ ነገር ማንበብ ይናፍቀኛል።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ስለ ጳውሎስ፣ ስለ ሉተር፣ ስለ ሆላንድ አወራችሁ። እህቱስ?

እኔ ያቺ እህቱ ነኝ። እሱን አላውቀውም፣ ግን እሷ ነኝ። ለእናቴ ጣሪያ ብዬ ብር ስልክ በምን ዓይነት ወር ውስጥ አልፌ እንደሆነ እዚህ አልጽፍም። ወንድሜ ያንን ብር ኳስ ላይ አስይዞ ካበቃ በኋላ «እግዚአብሔር ይቅር ብሎኛል ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ ባገኘው፣ የመጀመሪያ መልሴ «እኔስ?» ነው። እግዚአብሔር ይቅር ቢለው ደስ ይለኛል። ግን የተበደለው እግዚአብሔር ብቻ ነው እንዴ?

አንድም ሰው ብሩን መልስ አላለውም። ንገራት አላለውም።

ወልደ ሥላሴ

እህቴ፣ ልክ ነሽ። መጀመሪያ ልለው የሚገባኝ እሱን ነበር።

ንስሐ ስንል ጸጸት፣ ኑዛዜ፣ ቀኖና (ካህኑ የሚያዘው) እንላለን። የሰው ገንዘብ የወሰደ ሰው ቀኖናው ጾምና ስግደት ብቻ አይሆንም። መመለስ አለበት። ኦሪት ዘኁልቁ 5፥7 እንኳ የበደለ ይናዘዝ፣ የወሰደውን አምስተኛ እጅ ጨምሮ ለባለቤቱ ይመልስ ይላል። ማቴዎስ 5 ላይ ጌታ መባህን መሠዊያው ፊት ተውና አስቀድመህ ከወንድምህ ታረቅ ብሏል። ቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» (እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ) የሚለው ለዚያ ነው። እኛ አንገታችንን ዝቅ አድርገን ለጎረቤታችን እጅ እንነሣለን፣ ያቄመብን ሰው ግን ቤቱ ነው ያለው።

ግራ የገባው፣ ለአባ ስትናዘዝ ብሩ የእህትህ መሆኑን ነግረሃቸው ነበር?

ግራ የገባው

አልነገርኳቸውም። «ቁማር ተጫውቻለሁ» ብቻ ነው ያልኩት።

የነቀምቴ ልጅ

እዚህ ላይ ነው ሰላም ያጣኸው መሰለኝ። አባ የፈቱህ የነገርካቸውን ነው። ያላነሣኸው ነገር ደግሞ ቤት ውስጥ ጣሪያው በፈሰሰ ቁጥር ያስታውስሃል። ይህ የእምነት ጉድለት አይመስለኝም። ሕሊናህ ሥራውን እየሠራ ነው።

የሐዋሳው

እኔ ግን አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። መመለስ የይቅርታ ዋጋ እንዳይመስለው። ሉቃስ 19 ላይ ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው ጌታ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። ብሩን ጨርሶ ከፍሎ አይደለም የተጎበኘው። ካልሆነ ደሃ ሰው መቼም ይቅር አይባልም ማለት ነው።

ወልደ ሥላሴ

እስማማለሁ። ግን «ዛሬ ለዚህ ቤት መዳን ሆኖለታል» የተባለው ደግሞ ስለ ብሩ ከተናገረ በኋላ ነው። ሁለቱንም እናንብብ። ጌታ ገባ፣ ዘኬዎስ ቆመና ስለ ገንዘቡ ተናገረ፣ ከዚያ ቃሉ መጣ። ገንዘቡን ይዞ ዝም ቢል ኖሮ ታሪኩ ምን ይመስል ነበር?

የሐዋሳው

ይህን አልቃወምም። ፍሬ ነው እላለሁ፣ አንተ የንስሐ ክፍል ነው ትላለህ። ለጣሪያው ልዩነት የለውም። 😄

አያ ሙሌ

ትልቅ ሰው ነኝ፣ ሃይማኖቱን ለእናንተ ልተወው። ልጄ፣ እኔም በወጣትነቴ በካርታ ቁማር ብዙ አይቻለሁ። በስግደት ብቻ አይለቅም። ስልክህ ላይ ያለውን አጥፋው። ደመወዝህ በአንተ እጅ አይግባ፣ ለምታምነው ሰው በቀጥታ ይሂድ። ቤቲንግ ቤቱ ደጃፍ የሚቀመጡትን ጓደኞችህን ለጊዜው ራቃቸው፣ ቢቀየሙህ ይቀየሙህ። ቅዳሜና እሁድ ጨዋታ በሚኖርበት ሰዓት ሌላ ቦታ ሁን። ሰንበት ትምህርት ቤት ሂድ፣ ሰርግ ሂድ፣ ለቅሶ ሂድ፣ የትም ሂድ። እግዚአብሔርን አድነኝ እያልክ ስልኩን ኪስህ አትያዝ።

ክርክር ወዳጅ

አያ ሙሌ እርስዎ ሰባኪ ቢሆኑ እኔ ቤተ ክርስቲያን እሄድ ነበር።

እንቅልፍ ያጣች

ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፣ አንድ ነገር ግን ውስጤን ይበላኛል። ዕብራውያን 6። አንድ ጊዜ ብርሃን የበራላቸውና የወደቁ ሰዎችን ለንስሐ ማደስ አይቻልም ይላል። ጥምቀትም አለኝ፣ በኋላም ጌታን ተቀብያለሁ፣ ለዓመታት ሁሉንም ትቼ ኖርኩ። አሁን መመለስ እፈልጋለሁ። ይህን ክፍል ባነበብኩ ቁጥር የተዘጋብኝ ይመስለኛል። መንፈስ ቅዱስን መስደብ የሚባለውንም ሳልሠራው አልቀረሁም ብዬ እፈራለሁ።

የነቀምቴ ልጅ

እህቴ፣ መልእክቱ የተጻፈው በስደት ግፊት ክርስቶስን ጥለው ወደ ቀድሞው መሥዋዕት ሊመለሱ ላሰቡ ሰዎች ነው። ክርስቶስን የጣለ ሰው በሌላ መንገድ ንስሐ ሊያገኝ አይችልም፣ ሌላ መንገድ ስለሌለ። ጥሎት በሄደበት እያለ ማለት ነው እንጂ ሲመለስ በር ይዘጋበታል ማለት አይደለም። አንዳንዱ እነዚያ ሰዎች መጀመሪያም ከልባቸው አላመኑም ይላል። አንዳንዱ ማስጠንቀቂያው ራሱ አማኙን ከመውደቅ የሚጠብቅበት መንገድ ነው ይላል። አተረጓጎሙ ይለያይ እንጂ «መመለስ እፈልጋለሁ» የሚልን ሰው እግዚአብሔር አይቀበለውም ያለ መምህር አላየሁም። ያንኑ ምዕራፍ ቁጥር 9ን ደግሞ ጨምረሽ አንብቢ፣ እንዲህ ብንናገር እንኳ ስለ እናንተ የሚበልጠውን እንረዳለን ብሎ ነው የሚያጽናናቸው።

ወልደ ሥላሴ

በማቴዎስ 12 ያለው ደግሞ ዓይናቸው እያየ የመንፈስን ሥራ የአጋንንት ነው ላሉ ሰዎች የተነገረ ነው። አባቶቻችን የማይሰረየው ኃጢአት እስከ ሞት ንስሐ ያልተገባበት ነው ይላሉ። ሠርቼው ይሆን ብሎ እንቅልፍ ያጣ ሰው ልቡ አልደነደነም። ያ የደነደነው ሰው ይህን ክር ከፍቶ አያነብም። እንዳለሽበት ቦታ ካህን ጋ ሂጂ፣ ቀድሞ የት እንደነበርሽ ሁሉ ንገሪያቸው። ጥምቀትሽ አልጠፋም፣ አይደገምም።

እንቅልፍ ያጣች

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለታችሁም።

የሪያዷ

እኔም ጥያቄ አለኝ። እዚህ ካህን የለም አልኩ። በስልክ መናዘዝ ይቻላል? አገር ቤት ያሉት የንስሐ አባቴ ስልክ አላቸው።

ወልደ ሥላሴ

ደውዪላቸው። ችግርሽን ይስሙ፣ ይምከሩሽ፣ ጾምና ጸሎት ይስጡሽ። ፍትሐቱ ግን በአካል ስትገናኙ ነው የሚሉ አባቶች አሉ፣ እሳቸው እንዳሉሽ አድርጊ። እስከዚያ መዝሙረ ዳዊት 50ን በየቀኑ ድገሚ። (ፕሮቴስታንት ወዳጆች፣ በእናንተ መጽሐፍ 51 ነው፣ ቁጥሩ ላይ ደግሞ ሌላ ክር እንዳትከፍቱ።) ካህን ሳታገኚ ብትሞቺስ ብለሽ አትጨነቂ። ፈያታዊ ዘየማን (ከጌታ በስተቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ) መስቀል ላይ ሆኖ ቀኖና የሚፈጽምበት ጊዜ አልነበረውም።

ግራ የገባው

ሁለት ቀን ዝም ያልኩት ሳስብ ነው።

አባ ጋ ሄድኩ። የብሩን ነገር ነገርኳቸው። ብዙ አልተቆጡም። ፍትሐቱን ግን አልሰጡኝም፣ መጀመሪያ ለእህትህ ንገራት፣ ከዚያ ና አሉኝ። የሐዋሳው እንዳትከራከርባቸው፣ 😅 እኔ ልክ ናቸው ብያለሁ። አያ ሙሌ እንዳሉኝም ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ደመወዜ በእናቴ ስም ይገባል። ለእናቴ ነግሬያታለሁ። አለቀሰች፣ ከዚያ ቡና አፈላች። ምንም አላለችኝም።

እህቴ ጋ መደወል ግን ፈራሁ። መጀመሪያ ትንሽ ብር ባጠራቅምና ከብሩ ጋር ብነግራት አይሻልም? ባዶ እጄን ምን ብዬ?

የሐዋሳው

ጠብቅ እላለሁ። ሩቅ አገር ያለች ሴት ላይ ሸክም መጨመር ነው። ግማሹን እንኳ ይዘህ ንገራት።

የሪያዷ

አይሆንም። አሁን ንገራት። የምታጠራቅመው እስኪሞላ እሷ ሌላ ትልክልሃለች። ምናልባት በዚህ ወር ለቆርቆሮ ብላ እየቆጠበች ነው።

እንዴት እንደምትነግራት ልንገርህ። ቀን አትደውል፣ እመቤቷ ፊት ሆና ነው የምትሰማው። ማታ ሥራ ስትጨርስ፣ እዚህ ብዙ ጊዜ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። መጀመሪያ «እማዬ ደህና ናት» በል፣ አለበለዚያ በዚያ ሰዓት ስልኩን ስታይ ሞት መስሏት ትደነግጣለች። ከዚያ ስንት ብር እንደሆነ በቁጥር ተናገር፣ «ትንሽ ተሳስቼ» አትበል። በየወሩ ስንት እንደምትመልስ ንገራት፣ የምትችለውን ብቻ። ጥቅስ አትጥቀስባት። «ይቅር በይኝ» ካልክ በኋላ ደግሞ ዝም በል፣ ወዲያው መልስ አትጠብቅ። ስልኩን ልትዘጋብህ ትችላለች። ደግመህ አትደውል፣ ራሷ ትደውላለች።

ግራ የገባው

ዛሬ ሌሊት እደውላለሁ።

ክርክር ወዳጅ

ታሪክ ቀመስ፣ አንድ የቀረ ጥያቄ። ያ ኖቫጢያን መጨረሻው ምን ሆነ? ተመለሰ?

ታሪክ ቀመስ

አልተመለሰም። በኋላ በስደት ሰማዕት ሆነ የሚል ትውፊት ተከታዮቹ ይዘዋል። ቤተ ክርስቲያኑ ግን ከሱ በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት ቆይታለች፣ ቁስጥንጥንያ ውስጥ ሳይቀር ጳጳስ ነበራት። ስለ ሥላሴ የጻፈውም መጽሐፍ እስከ ዛሬ ይነበባል፣ ትምህርቱ በዚያ በኩል ቀና ነበር። የቆጵርያኖስን ደብዳቤዎች ከፈለግህ ግን ሌላ ክር ክፈትና እዚያ እንገናኝ፣ ይህ ክር የሰውየው ነው።